የጀማሪ ፕሮግራሚንግ ትምህርት ዕቅድ

የጀማሪ ፕሮግራሚንግ ትምህርት ዕቅድ ኮድ ጽፈው ለማያውቁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፕሮግራም መጻፍን ለማስተማር መምህሩ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው የይዘት፣ የቅደም ተከተል፣ የሰዓትና የመልመጃ አደላደል ነው። እንደ ማንኛውም ትምህርት ዓመታዊ፣ ሳምንታዊና ዕለታዊ ዕቅድ አለው። ከሌሎች ትምህርቶች የሚለይበት ዋናው ነገር ግን እያንዳንዱ ርዕስ በቀደመው ላይ ሙሉ በሙሉ የተደገፈ መሆኑ ነው። በታሪክ ትምህርት አንድ ምዕራፍ ያመለጠው ተማሪ ቀጣዩን ሊከታተል ይችላል። ተለዋዋጭ ምን እንደሆነ በሁለተኛው ሳምንት ያልገባው ተማሪ ግን በአምስተኛው ሳምንት ድግግሞሽን፣ በስምንተኛው ዝርዝርን ሊረዳ አይችልም። ብዙውን ጊዜም ችግሩን የሚያገኘው በዕቅዱ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ነው፤ «ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይተወዋል። በዚህ ምክንያት የጀማሪ ዕቅድ ዋና ጥያቄ ምን ይካተት የሚለው ብቻ ሳይሆን ምን ይቅር የሚለው ጭምር ነው።

አመጣጥ

ፕሮግራሚንግን ሳይንቲስት ላልሆነ ሰው ማስተማር ይቻላል የሚለው ሐሳብ በተግባር የተፈተነው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። በአሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ ጆን ኬሜኒ እና ቶማስ ከርትዝ ቤዚክ የተባለውን ቋንቋ ያዘጋጁት የሒሳብና የሳይንስ ተማሪ ያልሆኑትም በኮምፒውተር እንዲጠቀሙ ነበር። በ1967 ሲይሞር ፓፐርት፣ ዋሊ ፎይርዛይግ እና ሲንቲያ ሶሎሞን ሎጎን ለሕፃናት ሠሩ። በሎጎ ተማሪው «ኤሊ» የሚባለውን ጠቋሚ ወደፊት ሂድ፣ ወደ ቀኝ ዙር እያለ ሥዕል ያሥላል። ኒክላውስ ቪርት በ1970 ያወጣው ፓስካል ደግሞ ለማስተማሪያነት ታስቦ የተነደፈ ሲሆን በብዙ አገሮች ለረጅም ጊዜ የጀማሪ ኮርስ ቋንቋ ሆኖ አገልግሏል። በ2007 ከኤም.አይ.ቲ. ሚዲያ ላብ የወጣው ስክራች ትእዛዝን በመተየብ ፈንታ ባለቀለም ብሎኮችን በመገጣጠም ያሠራል፤ የአማርኛ ገጽታም አለው።

በሁለተኛ ደረጃ ደረጃ የተሟላ የኮምፒውተር ሳይንስ ሥርዓተ ትምህርት ቀድመው ካዘጋጁት አገሮች አንዷ እስራኤል ናት። በ1990ዎቹ ጁዲት ጋል-ኤዘር፣ ዴቪድ ሃረል እና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት ፕሮግራም «ዚፕ» በሚባል መርሕ የተመራ ነበር፦ የዚፕ ጥርሶች ከግራና ከቀኝ እየተፈራረቁ እንደሚያያዙ ሁሉ፣ ጽንሰ ሐሳብና የኮምፒውተር ላይ ሥራም እየተፈራረቁ ይሰጣሉ እንጂ አንዱ አልቆ ሌላው አይጀመርም። እንግሊዝ በመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ቀድሞ የነበረውን የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ኮምፒውቲንግ በሚባል ትምህርት ተክታ ፕሮግራሚንግን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ አስገብታለች።

ለዕቅድ አወጣጥ ትልቅ ትምህርት የሰጠው ግን አንድ ውድቀት ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ማይክል መክራከን የመራው ቡድን በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ኮርስ ለጨረሱ ተማሪዎች ቀላል የሚባል የፕሮግራም ሥራ ሰጠ። አማካይ ውጤቱ ከ110 ነጥብ 22.89 ብቻ ሆነ። ሬይመንድ ሊስተር እና ባልደረቦቹ በ2004 ጥያቄውን ገልብጠው ጠየቁ፤ ተማሪዎቹ መጻፍ ባይችሉ ማንበብስ ይችላሉ? ብዙዎቹ አጭር ኮድ ተሰጥቷቸው መጨረሻ ላይ የሚወጣውን ውጤት ለመናገር ራሱ ይቸገሩ ነበር። ያልተማሩትን ማንበብ ሳይችሉ እንዲጽፉ ሲጠየቁ ኖረዋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡት የማስተማሪያ ዘዴዎች አብዛኞቹ በዚህ ግኝት ዙሪያ የተሠሩ ናቸው።

የሰዓት ስሌት

ዕቅድ የሚጀምረው ከርዕስ ዝርዝር ሳይሆን ከሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ በሴሚስተር 16 ሳምንት ቢሆን በወረቀት ላይ 32 ክፍለ ጊዜ ይገኛል። ከዚህ ላይ የፈተና ሳምንታት፣ የበዓል ቀናትና መብራት የሚጠፋባቸው ቀናት ሲቀነሱ ለ24 ክፍለ ጊዜ ማቀድ ከእውነቱ ጋር ይቀራረባል። አንዱ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜም 40 ደቂቃ አይሆንም። ተማሪው ከክፍሉ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ተጉዞ፣ ቦታ ይዞ፣ ማሽኑ ተነሥቶ ሥራ እስኪጀመር አሥር ደቂቃ በቀላሉ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሥራን ለማስቀመጥና ለመዝጋት ጥቂት ይወስዳል። በእጅ የሚቀረው 25 ደቂቃ ገደማ ነው። በ25 ደቂቃ አንድ አዲስ ሐሳብ ይገባል፤ ሁለት አይገባም።

በዚህ ስሌት ለአንድ ሴሚስተር የሚበቃው ይዘት መጀመሪያ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፦ ማሳያና መቀበያ ትእዛዞች፣ ተለዋዋጭ፣ ሒሳብ፣ ሁኔታ፣ ድግግሞሽ፣ ምናልባትም ዝርዝር። ፈንክሽን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሊነካ ይችላል። ክፍልና ቁስ፣ ፋይል፣ የመስኮት ፕሮግራም የመሳሰሉት ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያሉ። ብዙ ዕቅዶች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ርዕሱን ስለዘረዘረ ብቻ ሁሉም «ተሸፍኗል» ይባላል፤ ተማሪው ግን ሁኔታንና ድግግሞሽን ሳይለይ ይወጣል።

የቋንቋ ምርጫ

ለሁለተኛ ደረጃ ጀማሪዎች በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚመረጠው ፓይተን ነው። ጊዶ ቫን ሮሱም በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ቋንቋ አንድ ነገር ለማሳየት አንድ መስመር ብቻ ይበቃዋል። በጃቫ ወይም በሲ++ ተመሳሳዩን ለማድረግ ተማሪው ትርጉማቸው ያልተነገረውን በርካታ ቃላት መገልበጥ አለበት፤ «ይህን ለጊዜው ዝም ብላችሁ ጻፉት» የሚለው አነጋገር በመጀመሪያው ቀን ከተሰማ፣ ፕሮግራሚንግ በድግምት የሚሠራ ነገር ነው የሚል ስሜት ያድራል። ፓይተን ውስጥ የመስመር አገባብ ራሱ ትርጉም አለው፤ ይህም ተማሪውን ኮዱን በሥርዓት እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል፣ ከስፔስና ከታብ መደባለቅ የሚመጣ የራሱ ጣጣም አለው።

ስክራች ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «የልጆች ጨዋታ» ሆኖ ሊታይ ይችላል የሚል ተቃውሞ አለ። ያም ሆኖ ኪቦርድ ነክተው ለማያውቁ ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሳምንታት በብሎክ መጀመር የአተያየብን ችግር ከአስተሳሰብ ችግር ይለያል። የኔዘርላንድስ ተመራማሪ ፌሊየን ሄርማንስ በ2020 የጀመሩት ሄዲ ደግሞ በደረጃ የሚያድግ ቋንቋ ነው፤ በመጀመሪያው ደረጃ ምንም ቅንፍና ጥቅስ የለም፣ ተማሪው ወደ ላይ ሲወጣ ቀስ በቀስ ወደ ፓይተን ይጠጋል። የቋንቋው ምርጫ መምህራንን የሚያከራክረውን ያህል ውጤቱን አይወስንም። መምህሩ በደንብ የሚያውቀው ቋንቋ መምህሩ ከማያውቀው «ዘመናዊ» ቋንቋ ይሻላል።

ከመጻፍ በፊት ማንበብ

የተለመደው የትምህርት አካሄድ መምህሩ ትእዛዙን በሰሌዳ ያብራራል፣ አንድ ምሳሌ ይጽፋል፣ ከዚያ «አሁን እናንተ ጻፉ» ይላል። የእንግሊዟ ተመራማሪ ሱ ሴንታንስ እና ባልደረቦቿ ያዘጋጁት ፕሪም የሚባለው አካሄድ በመካከሉ ያለውን ገደል በአምስት እርከን ይሞላዋል፦ መገመት፣ ማሠራት፣ መመርመር፣ ማሻሻልና መሥራት። ተማሪው መጀመሪያ የሚያገኘው የተጠናቀቀ፣ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩን ሳይነካ ውጤቱን በደብተሩ ላይ ይጽፋል። ከዚያ አሠርቶ ግምቱን ያመሳክራል። ቀጥሎ ስለ እያንዳንዱ መስመር ጥያቄ ይመልሳል፣ አንድ ነገር ለውጦ ያያል፣ በመጨረሻ የራሱን ይሠራል።

የግምቱ እርከን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፤ ዋጋው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ለምሳሌ የሚከተለው አራት መስመር ትክክለኛ የፓይተን ኮድ ነው፦

ዋጋ = 15
ብዛት = 4
ሒሳብ = ዋጋ * ብዛት
ዋጋ = 20

«አሁን ሒሳብ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ከጀማሪ ክፍል ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣል፦ 60 እና 80። ትክክለኛው 60 ነው። 80 ያለው ተማሪ ሰነፍ አይደለም፤ ለዓመታት በሒሳብ ትምህርት የእኩል ምልክት ሁልጊዜ ጸንቶ የሚኖር እውነት ነው ተብሎ ተምሯል። በፕሮግራም ውስጥ ግን ምልክቱ «በስተቀኝ ያለውን አስላና ውጤቱን በዚህ ስም አኑር» የሚል የአንድ ጊዜ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ከተፈጸመ በኋላ ዋጋ ቢለወጥ ሒሳብ አያውቀውም። መምህሩ ይህን በቃል ቢናገር ክፍሉ ራሱን ይነቀንቃል። ተማሪው 80 ብሎ ጽፎ ኮምፒውተሩ 60 ሲያወጣ ግን ጥያቄው የራሱ ይሆናል።

ሁለተኛው የታወቀ መልመጃ የሁለት ተለዋዋጮች ልውውጥ ነው፦

ሀ = 5
ለ = 7
ሀ = ለ
ለ = ሀ

አብዛኛው ጀማሪ ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ ይላል። በእርግጥ የሚሆነው ሁለቱም 7 መሆናቸው ነው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ 5 ጠፍቷል። ይህን ለማሳየት የሚረዳው የክትትል ሠንጠረዥ ነው። ተማሪው በደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ አንድ ዓምድ፣ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ረድፍ ያሰምራል፤ መስመሩ በተፈጸመ ቁጥር የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል። ሁለት ብርጭቆ ወስዶ፣ አንዱን ሻይ አንዱን ውሃ ሞልቶ «ያለ ሦስተኛ ብርጭቆ ለዋውጡ» ማለትም ሠንጠረዡ የሚለውን በአንድ ደቂቃ ያስረዳል። ብርጭቆ ግን ሲገለበጥ ባዶ ይሆናል፤ ተለዋዋጭ ሲገለበጥ የመጀመሪያው እንዳለ ይቀራል። ምሳሌው የሚያነክስበትን ቦታ መምህሩ ካልተናገረ አንድን ስህተት በሌላ ይተካል።

የክትትል ሠንጠረዥ በእያንዳንዱ ርዕስ ላይ ተመልሶ መምጣት አለበት። የእቁብ ምሳሌ ለድግግሞሽ ይመቻል፦ 12 አባላት በየሳምንቱ 500 ብር ያዋጣሉ። ጠቅላላ ከዜሮ ይነሣል፣ በእያንዳንዱ ዙር 500 ይጨመርበታል። ተማሪው 12ቱንም ዙር አይከታተልም፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስትና የመጨረሻውን ይከታተላል። «ጠቅላላ = 0» የሚለው መስመር በስህተት ወደ ድግግሞሹ ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል ተብሎ ሲጠየቅ ሠንጠረዡ ይመልሳል፦ 12 ዙር ተዙሮ 500 ብር ብቻ ይገኛል። በፓይተን ይህን ስህተት ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥቂት ስፔስ ብቻ ነው።

ተደጋጋሚ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች

ሮይ ፒ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የጀማሪ ስህተቶችን አንድ የጋራ ሥር ሰጥቷቸዋል፦ በማሽኑ ውስጥ የተደበቀ፣ የፕሮግራሙን ጸሐፊ ፍላጎት የሚረዳ አእምሮ አለ ብሎ ማሰብ። ተማሪው ተለዋዋጩን «ትልቁ» ብሎ ከሰየመው ኮምፒውተሩ ትልቁን ቁጥር የሚያስቀምጥበት ይመስለዋል። ጥሩ ዕቅድ ይህን ግምት ሆን ብሎ ያፈርሳል፤ ለምሳሌ «ትልቁ» በሚል ስም ትንሹን ቁጥር የሚይዝ ፕሮግራም ለንባብ ይሰጣል።

ሌላው ከኪቦርድ የሚመጣ እሴት ነው። ፓይተን በኢንፑት የሚቀበለው ሁሉ ጽሑፍ ነው። ተማሪው 5 እና 7 አስገብቶ ሲደምር 12 ሳይሆን 57 ይወጣል። ዕቅዱ ይህን እንደ አደጋ ሳይሆን እንደ ትምህርት ማስገባት አለበት፤ ካልሆነ ሁሉም ተማሪ በተለያየ ሰዓት ይገጥመዋል፣ መምህሩም በየወንበሩ እየዞረ ያንኑ ሲደግም ክፍለ ጊዜው ያልቃል። «ዋይል» በሚባለው ድግግሞሽ ላይ ደግሞ ብዙዎች ሁኔታው ሐሰት በሆነባት ቅጽበት ድግግሞሹ የሚቆም ይመስላቸዋል። እውነቱ ሁኔታው የሚታየው በዙሩ መግቢያ ላይ ብቻ መሆኑ ነው።

የአንድ ክፍለ ጊዜ ምሳሌ

ስለ ሁኔታ ለማስተማር በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ምሳሌ የጎርጎርዮስ ሠግር ዓመት ነው። ደንቡ በ4፣ በ100 እና በ400 ስለሚፈተን ለመጀመሪያ ቀን ከባድ ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ለዚህ በጣም ይቀላል፦ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከቀረ ጳጉሜ 6 ቀን፣ አለዚያ 5 ቀን ትሆናለች። አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መንገድ። ይህም ዘመነ ሉቃስ የሚባለው ዓመት ነው።

በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ፕሮግራሙ በሰሌዳ ወይም በወረቀት ይሰጣል፤ ተማሪዎች ለ2015፣ ለ2016 እና ለ2019 ምን እንደሚያወጣ ይገምታሉ። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል፤ ስለዚህ 6። 2016 ምንም አይቀርም፤ ስለዚህ 5። 2019 እንደገና 6 ነው። ቀጥሎ ፕሮግራሙን ተይበው ወይም ከፍተው ያሠሩታል። በምርመራው ጊዜ «3 የሚለውን በ0 ብንተካው ለየትኞቹ ዓመታት ይሳሳታል?» ይባላል። በማሻሻያው ሦስቱን ሌሎች ቀሪዎች በመጠቀም የወንጌላዊውን ስም እንዲያወጣ ያደርጋሉ፦ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ። የራስ ሥራው ለቤት ወይም ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይተርፋል። የአንድ ሰዓት ልዩነት ሳይሆን የስድስት ሰዓት ልዩነት ያለውን የኢትዮጵያ ሰዓት ወደ ውጭው አቆጣጠር የሚቀይር ፕሮግራም ለዚሁ ርዕስ ተከታይ ሊሆን ይችላል።

የመማሪያ ቋንቋና የአማርኛ ፊደል

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የፕሮግራም ቋንቋ ትእዛዞችም እንግሊዝኛ ናቸው። ተማሪው በአንድ ጊዜ ሁለት ቋንቋ እየታገለ ነው፤ መምህሩ «አልገባቸውም» የሚለው ያልገባው ሐሳቡ ይሁን ቃሉ ሳይለይ ነው። በመሆኑም በዕቅዱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት የማይበልጡ አዳዲስ ትእዛዞችን ለይቶ፣ ትርጉማቸውን ተማሪዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ ማብራራት ይመከራል።

ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ፓይተን 3 የተለዋዋጭ ስም በግዕዝ ፊደል እንዲጻፍ ይፈቅዳል። ከላይ የተጠቀሱት ምሳሌዎች እንዳሉ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልቅ ጥቅም አለው፤ ተማሪው የትኛው ቃል የቋንቋው፣ የትኛው ደግሞ የጸሐፊው ምርጫ እንደሆነ በዓይኑ ይለያል። በእንግሊዝኛ ብቻ በተጻፈ ኮድ ይህ ልዩነት ለጀማሪ አይታይም።

ጣጣም ያስከትላል። አንባቢ «ዓመት» እና «አመት» አንድ ቃል ናቸው ብሎ ያልፋል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ ጸ እና ፀ እንዲሁ። በአንድ መስመር «ሥራ» ብሎ በሌላው «ስራ» የጻፈ ተማሪ ስሙ አይታወቅም የሚል ስህተት ይወጣበታል፣ ስህተቱንም በዓይኑ አያገኘውም። ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ እንዳለ ኮማ ሲጫን «፣» ከገባ ፓይተን አይቀበለውም። የግዕዝ ቁጥሮችም እንደ ቁጥር አይነበቡም። መምህራን ብዙውን ጊዜ ከአራትና ከአምስት ሳምንት በኋላ ወደ ላቲን ፊደል ስሞች መሻገርን በዕቅዳቸው ያስገባሉ፤ ተማሪው ኋላ ላይ የሚያገኘው ኮድ ሁሉ በዚያ ስለሚጻፍ ነው።

የስህተት መልእክትን ማንበብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ፓይተን ብዙ መስመር ቀይ ጽሑፍ ሲያወጣ ተማሪው ይደነግጥና መስኮቱን ይዘጋል። መነበብ ያለበት መጀመሪያ የመጨረሻው መስመር ነው፤ የስህተቱ ዓይነት የሚገኘው እዚያ ነው፣ ከዚያ ከፍ ብሎ የመስመሩ ቁጥር ይታያል። ለጀማሪ አምስቱ ይበቃሉ፦ ሲንታክስ ኤረር የአጻጻፍ ደንብ ሲጣስ፣ ኔም ኤረር ያልታወቀ ስም ሲጠራ፣ ታይፕ ኤረር ጽሑፍና ቁጥር ሲደባለቁ፣ ቫልዩ ኤረር ቁጥር ሊሆን የማይችል ጽሑፍ ወደ ቁጥር እንዲለወጥ ሲጠየቅ፣ ኢንደንቴሽን ኤረር የመስመር አገባቡ ሲዛባ። እነዚህን በትልቅ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የመምህሩን ጉሮሮ ያሳርፋል።

ኮምፒውተር ሲያንስ

50 ተማሪ ባለበት ክፍል 20 ኮምፒውተር ካለ፣ ዕቅዱ 50 ኮምፒውተር እንዳለ ተደርጎ ሊጻፍ አይገባም። የተለመደው መፍትሔ ሦስት ተማሪ በአንድ ማሽን ማስቀመጥ ነው፤ ውጤቱ አንዱ ሲተይብ ሁለቱ ሲያዩ መዋል ነው፣ የሚተይበውም ሁልጊዜ ያው ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ይሆናል። የተሻለው ክፍሉን ለሁለት መክፈል ነው። ግማሹ በማሽን ላይ በጥንድ ሲሠራ ግማሹ በወረቀት ግምትና ክትትል ይሠራል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ከላይ እንደታየው የንባብ ሥራ ማሽን ስለማይፈልግ ይህ አደላደል የግድ የተደረገ ማካካሻ አይደለም፤ ኮምፒውተር ቢሞላም መደረግ ያለበት ነው።

በጥንድ ሥራ አንዱ ኪቦርዱን ይይዛል፣ ሌላው የሚጻፈውን ይናገራል፤ ኪቦርድ የያዘው ከራሱ አይጽፍም። በየስምንት ወይም በየአሥር ደቂቃው ቦታ ይለዋወጣሉ። ሰዓቱን የሚጠራው መምህሩ መሆን አለበት፤ ለተማሪዎቹ ከተተወ ልውውጡ አይደረግም።

መብራት ሲጠፋ ለሚሠራ ክፍለ ጊዜ ቢያንስ ሦስት ዝግጁ ዕቅድ በመሳቢያ መኖሩ ጠቃሚ ነው። ቲም ቤል፣ ኢያን ዊትን እና ማይክ ፌሎውስ በ1990ዎቹ ከኒውዚላንድ ያስፋፉት ያለ ኮምፒውተር የማስተማር ስብስብ ለዚህ የታወቀ ምንጭ ነው፤ ተማሪዎች ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይዘው በመቆምና ቦታ በመቀያየር መደርደርን ይማራሉ።

ምዘና

«ተለዋዋጭ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል የፈተና ጥያቄ ሸምድዶ የመጣውንና የገባውን አይለይም። በወረቀት ፈተና ላይ ውጤት የማስገመት፣ ስህተት የማስፈለግና የተዘበራረቁ መስመሮችን የማስደርደር ጥያቄዎች የተሻሉ ናቸው። የመጨረሻው ዓይነት በዴል ፓርሰንስ እና ፓትሪሺያ ሄደን በ2006 የቀረበ ሲሆን የፓርሰንስ ጥያቄ ይባላል። ለማረም ፈጣን ነው፤ ተማሪውም በኮማና በቅንፍ ሳይደናቀፍ የአስተሳሰብ ቅደም ተከተሉን ያሳያል።

ለቤት የሚሰጥ ሥራ ከጓደኛ ወይም አሁን አሁን ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ሊገለበጥ ይችላል። መከልከሉ ብዙ አይሠራም። የሚሠራው ተማሪው ያቀረበውን ኮድ ይዞ ሲመጣ ሁለት ደቂቃ መጠየቅ ነው፦ «ይህ መስመር ቢወጣ ምን ይሆናል? ይህ 10 በ0 ቢተካስ?» የራሱን የሠራ ይመልሳል። 50 ተማሪን በዚህ መንገድ መጠየቅ በአንድ ቀን ስለማይቻል ዕቅዱ በየክፍለ ጊዜው አምስት አምስት ተማሪ ይመድባል።

ማን ይቀራል፣ ማን ይሄዳል

በአሜሪካ ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ጄን ማርጎሊስ እና አለን ፊሸር ያደረጉት ጥናት በኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ከሚገቡት ሴቶች ብዙዎቹ የሚያቋርጡት ስላልቻሉ ሳይሆን፣ ቀድመው በቤታቸው የተለማመዱትን ወንዶች አይተው «እኔ ዘግይቻለሁ» ብለው ስለሚደመድሙ መሆኑን አሳየ። ዩኒቨርሲቲው የመግቢያ መስፈርቱንና የጀማሪ ኮርሶቹን ሲለውጥ አዲስ የሚገቡ ሴቶች ድርሻ በ1995 ከነበረበት 7 በመቶ በ2000 ወደ 42 በመቶ አድጓል። ለሁለተኛ ደረጃ ዕቅድ ይህ ተጨባጭ ትርጉም አለው። የቀደመ ልምድ ያላቸው ሁለትና ሦስት ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄውን ሁሉ ከመለሱ የተቀሩት ዝም ይላሉ። ሁሉም መጀመሪያ በደብተሩ ጽፎ፣ ከዚያ ለጎረቤቱ አሳይቶ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እጅ የሚነሣበት ሥርዓት ይህን ይቀንሳል። ለፈጣኖቹም ተጨማሪ ርዕስ ከማሸጋገር ይልቅ ያንኑ ርዕስ የሚያጠብቅ ጥያቄ ይዘጋጅላቸዋል፤ አለዚያ በስድስተኛው ሳምንት በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ክፍል ይኖራል።

በ2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የጀመረችው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር በኢንተርኔት የሚሰጡ ነፃ ኮርሶችን ለወጣቶች አቅርቧል። ራሱን መምራት ለሚችልና ኢንተርኔት ለማይቸግረው ተማሪ እንዲህ ያለው ኮርስ የመማሪያ ክፍሉን ይደግፋል። ቪዲዮው ግን ተማሪው 80 ብሎ መጻፉን አያይም። መምህሩ ከክፍለ ጊዜው በኋላ ደብተሮቹን ሰብስቦ፣ ስንቱ 80 ስንቱ 60 እንዳለ ቆጥሮ፣ የነገውን ዕቅድ በዚያው ማታ የሚያስተካክለው ከዚህ በመነሣት ነው። ከግማሽ በላይ ከተሳሳቱ አዲሱ ርዕስ አንድ ቀን ይገፋል፤ ለዚህ ነው ከ32ቱ ክፍለ ጊዜ 24ቱ ብቻ አስቀድመው የሚሞሉት።